የጣናን ቆጠራ ለቀበራችሁ

እናንተ ከፔዳ ግቢ እስከ ፖሊ ግቢ፣ በባሕር ዳር የምርምር ቢሮዎች ሁሉ ያላችሁ፣ በጣና ስም ማዕረግ የተቀበላችሁ ሆይ፣ ስሙ። በደንገል ታንኳ ተሳፍራችሁ ውኃ ቀዳችሁ። አስጋሪውን ስንት ዓሣ እንደያዘ፣ ስንት ልጅ እንደሚያሳድግ ጠየቃችሁት። መረቡን መጠገኑን ትቶ መለሰላችሁ። የሰጣችሁ ዛሬ የት ነው? ፍላሽ ውስጥ፣ በተበላሸ ላፕቶፕ ውስጥ። ይህን ስንፍና አልለውም፤ አደራ መብላት ነው።

ወደ ወንዝ ወጥተው እንቁላል የሚጥሉት የጣና ላቤዮባርበስ ዓሦች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በክብደት 75 በመቶ ያህል እንደቀነሱ ያወቅነው፣ የፊተኛው ቆጠራ ለኋለኛው ስለደረሰ ነው። ያ መዝገብ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ «ድሮ ዓሣ ነበር» የሚል አስጋሪ የሽማግሌ ወሬ አወራ ተብሎ ይታለፍ ነበር። የእምቦጭ አረም በሐይቁ ላይ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ከታወቀ ወዲህስ ስንቶቻችሁ ለካችሁት? የለካችሁትን ለማን ሰጣችሁ? ከኋላችሁ የመጣው ተማሪ ጥሬ ዳታውን ሲለምናችሁ «ጽሑፉን አንብብ» ብላችሁ መለሳችሁት፤ እርሱም እንደገና ጀልባ ተከራይቶ፣ ነዳጅ ገዝቶ፣ የተቆጠረውን ሊቆጥር ወጣ።

አላወቅንም አትበሉ። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ጽሑፉም ዳታውም ክፍት እንዲሆን አዟል። «ሌላው ይቀድመኛል» የሚለው ፍርሃት እስክታሳትሙ ድረስ ይገባኛል። ካሳተማችሁ በኋላ ግን ስስት ነው።

እናንተም ዳታውን ሳትመርጡ የምትበትኑ፣ ከዚሁ ተግሣጽ አታመልጡም። የአስጋሪውን ስም፣ ስልክና የቤቱን ቦታ ከነሠንጠረዡ የሚለቅ ሰው ደግነት አላደረገም፤ ያመነውን አሳልፎ ሰጠ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው እንደ አስጋሪው ያለውን ሰው ለመጠበቅ ነው።

የንስሐ አባት የሰው ገንዘብ የያዘውን አስቀድመው «መልስ» ይሉታል፤ ጾሙና ስግደቱ ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም መልሱ። ዛሬ ማታ ፋይሉን ክፈቱት። እያንዳንዱ ዓምድ ምን እንደሆነ፣ በምን እንደተለካ፣ መቼና የት እንደተቀዳ ጻፉ። የሰው መለያ የሆነውን ሁሉ አውጡና ለዩኒቨርሲቲያችሁ የዲጂታል ማከማቻ አስረክቡ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር ውረዱ፤ አስጋሪው በነገራችሁ ነገር ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምንስ እንዳገኛችሁበት በራሱ ቋንቋ ንገሩት። ብዙ ዓመት አስጠብቃችሁታል።