ከራስ መሶብ የተቆረሰ ጉርሻ

«ግብር» የሚለው ቃላችን ዘወትር ያስገርመኛል። ገበሬው ከምርቱ ቀንሶ የሚያስገባውም ግብር ነው፤ ንጉሡ መኳንንቱንና ሠራዊቱን በአዳራሹ ሰብስቦ የሚያበላውም ግብር ነው። በአንደኛው በር ማሩ፣ እህሉና ሰንጋው ይገባል፤ በሌላው በር ጠጁና ብርንዶው ይቀርባል። አባቶቻችን ለሁለቱ ነገሮች አንድ ስም የሰጡት ቃል አጥሯቸው አይመስለኝም። ይሁንና ከአዳራሹ ጠግቦ የሚወጣው ሰው የሚመርቀው ማሩን የቆረጠውን ባላገር አልነበረም፤ ግብሩን ያበላውን ጌታ ነበር። ምስጋናው መንገድ ላይ ባለቤቱን ስቶ ይቀራል ማለት ነው። መንግሥታት ምርጫ ሲቃረብ በበጀት የሚያደርጉትን ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይኸው የአዳራሽ ግብር ነው።

ከእኛ ራቅ ካለ፣ ሰነዱም በይፋ ከሚታወቅ አንድ ምሳሌ ልነሳ። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት የጡረተኞችን አበል በ20 በመቶ የሚያሳድግ ሕግ አወጣ። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ያን ያህል ጭማሪ አልፈለጉም፤ እርሳቸው ያሰቡት 5 በመቶ ነበር። ምክር ቤቱ ግን ጭማሪውን ከመንግሥት የብድር ጣሪያ ሕግ ጋር አያይዞ ስላቀረበላቸው ጁላይ 1 ቀን ፈረሙ። አዲሱ አበል በጡረተኞቹ እጅ የገባው በኦክቶበር መጀመሪያ ሲሆን፣ ምርጫው ደግሞ ኖቬምበር 7 ነበር። ከቼኩም ጋር አንዲት ቁራጭ ወረቀት በዚያው ፖስታ ተላከች። አበልዎ በ20 በመቶ አድጓል፣ ይህም የሆነው ምክር ቤቱ አውጥቶት ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በፈረሙት አዲስ ሕግ ነው የምትል ወረቀት።

ይህችን ወረቀት ደጋግሜ አስቤባታለሁ። አንዲት ውሸት የለባትም። ሕጉን ያወጣው ምክር ቤቱ መሆኑን ትናገራለች፤ ኒክሰን መፈረማቸውም እውነት ነው። ዝም ያለችው በሌላ ነገር ላይ ነው። ፈራሚው ጭማሪውን እንዳልወደዱት አትናገርም። ከመጪው ጃንዋሪ ጀምሮ የጡረታ መዋጮ የሚቆረጥበት የደመወዝ ጣሪያ በዓመት ከ9,000 ወደ 10,800 ዶላር ከፍ እንደሚልም አትናገርም። ቼኩ ከምርጫው በፊት፣ ሒሳቡ ከምርጫው በኋላ! ኒክሰን ከ50ዎቹ ግዛቶች 49ኙን አሸነፉ። እኔን እንደሚመስለኝ ወረቀቷ ባትላክም ያሸንፉ ነበር።

እንግሊዞችም ከዚህ አልራቁም። በ1955 የገንዘብ ሚኒስትሩ በትለር በኤፕሪል የገቢ ግብር ቀነሱ፣ ፓርቲያቸው በሜይ አሸነፈ፣ በኦክቶበር ደግሞ ሌላ በጀት ይዘው ብቅ ብለው በሸቀጥ ላይ ግብር ጨመሩ። የወጥ ቤት ዕቃ ሳይቀር ስለተነካ «የድስትና የመጥበሻ በጀት» ተብሎ ቀረ።

«ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?» ይለኛል አንድ ወዳጄ። «አሮጊቷ ገንዘቡን አግኝታለች። ኪራይዋን ከፍላለች፤ መድኃኒቷን ገዝታለች። ሰጪው ለጽድቅ ሰጠ ለሥልጣን፣ እርሷን ምን ቸገራት? ዳቦ የሚበላ ሰው የጋጋሪውን ልብ አይመረምርም።»

ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እንዲያውም እኔው ላጠናክርለት። ኒክሰን ጭማሪውን ካልወደዱት፣ እንዲፈርሙ ካስገደዷቸው ነገሮች አንዱ የምርጫው መቃረብ መሆኑ አይካድም። ምርጫ ባይኖር አሮጊቷ 20 በመቶውን ባላገኘች ነበር። አማርትያ ሴንም ነጻ ጋዜጣና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር ታላቅ ረኃብ አይከሰትም ሲሉ ዋናው ምክንያታቸው ይኸው ነው፦ ገዢው መራጩን ይፈራል። እኛ ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገንም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ «በሕዝብ ድምፅ እወርዳለሁ» ብሎ የሚሰጋ ሚኒስትር አልነበረም። እንዲህ ያለ ስጋት ቢኖር ኖሮ ስንት ነፍስ በተረፈ! እንግዲህ ገዢን ለድኻ እንዲያስብ የሚያደርገውም፣ የበጀቱን ከረጢት በምርጫ ዋዜማ የሚያስፈታውም አንድ ፍርሃት ነው። አንዱን ነቅሎ ሌላውን መትከል አይቻልም።

ስለዚህ ለወዳጄ የምመልስለት መስጠቱ ክፉ ነው ብዬ አይደለም። ክፋቱ ያለው በቀኑና በፊርማው ላይ ነው። አሮጊቷ በፌብሩዋሪም ትራባለች፤ በፌብሩዋሪ ግን ድምፅ አትሰጥም። ቀኑን የመረጠው ችግሯ ካልሆነ፣ የምርጫው ሰሌዳ ከሆነ፣ የታየው እርሷ አይደለችም፤ የምትጥለው ወረቀት ነው። ፊርማው ደግሞ የባሰ ነው። ጉቦኛ እንኳ ከገዛ ኪሱ አውጥቶ ነው የሚያጎርሰው። እዚህ ግን አሮጊቷ በወጣትነቷ ከደመወዝዋ እያስቆረጠች ያጠራቀመችው መብቷ፣ ልጆቿም ዛሬ የሚያዋጡት ገንዘብ፣ ስም ተጽፎበት ውለታ ሆኖ ይመለስላታል። ከራሷ መሶብ ቆርሶ ያጎረሳትን እጅ እንድትስም ትጠየቃለች። ባለቤት የነበረችው ሴት ባለዕዳ ሆና ታድራለች። እኛስ ብንሆን፣ በራሳችን ግብር የተሠራ መንገድ ሲመረቅ «ሠራንልን» ሳይሆን «ሠራልን» ብለን አይደል የምናመሰግነው?

ሒሳቡ ሲመጣም ብዙውን ጊዜ የሚያንኳኳው የዚያችኑ ሴት በር ነው። ጋናን እንውሰድ። የ2012 ምርጫ በተካሄደበት ዓመት የመንግሥቱ የበጀት ጉድለት ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከ10 በመቶ በላይ ሆነ። ገዢው ፓርቲ በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። በ2014 ሴዲ የተባለው ገንዘባቸው ክፉኛ ወደቀ፤ የገበያው ዋጋ ናረ፤ በ2015 መንግሥቱ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 918 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተፈቀደለት። የወርቅና የካካዎ ዋጋ መውረድም የራሱ ድርሻ ነበረው፤ ሁሉንም በምርጫው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ዳሩ ግን ዋጋ ሲንር ዶላር ያለው ነጋዴ ይሸሻል፤ ገበያ ላይ ቲማቲም የምትቸረችረው ሴት የት ትሸሻለች?

መራጩ ግን ሁልጊዜ ሞኝ ነው ብዬ አላምንም። «የብልጥ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል» ይባል የለ! የጋናው ፓርቲ በ2016 ተሸነፈ። አሜሪካ ውስጥ በኤፕሪል 2020 ለወረርሽኙ ድጎማ በተላኩት የ1,200 ዶላር ቼኮች ላይ የፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ስም ታትሞ ነበር፤ ሕዝቡ ቼኩን መንዝሮ በኖቬምበር አወረዳቸው። ይህን የሚያደርግ መራጭ ውለታ ቢስ ነው የሚል ካለ፣ ውለታው የማን እንደሆነ ገና አልገባውም ማለት ነው።

መፍትሔ የሞከሩ አሉ። ኒውዚላንድ በ1994 ባወጣችው ሕግ የገንዘብ ሚኒስቴሩ ከምርጫ በፊት የመንግሥቱን ካዝና ሁኔታ ለሕዝብ እንዲገልጥ አስገደደች፤ ሒሳቡ ከምርጫው በኋላ ዱብ እንዳይል። አንድ ፓርቲ ለ71 ዓመት በገዛት በሜክሲኮ ደግሞ በ2004 የወጣው የማኅበራዊ ልማት ሕግ፣ የድጎማ ማስታወቂያዎች ሁሉ ይህ ፕሮግራም የሕዝብ እንጂ የማንም ፓርቲ አይደለም የሚል ቃል እንዲጻፍባቸው ያዛል። ማስታወቂያውን የሚያነብ ሁሉ ያምነዋል ወይ? እንጃ። ቢያንስ ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ ተጽፏል።

እኔን ከሁሉ የሚያረካኝ ግን የኒክሰን ወረቀት ራሷ ናት። እዚያው ላይ ከጭማሪው ቀጥሎ፣ ወደፊት ኑሮ ሲወደድ አበሉ በራሱ የሚያድግበት ድንጋጌ መፈረሙም ተነግሯል። ይህን እንኳ ኒክሰን ራሳቸው ሲጠይቁት የቆዩት ነበር። የመጀመሪያው ጭማሪ በ1975 መጣ፤ 8 በመቶ። የመጣው የሸቀጥ ዋጋ ተሰልቶ ነው። ምርጫ በሌለበት ዓመት ነበር፤ የማንንም ፊርማ አልጠበቀም።

እንዲህ ያለው ነገር ግን ለፖለቲከኛ አይጥምም። በ2021 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን 1,400 ዶላር ሲያድሉ ስማቸው በቼኩ ላይ እንዳይሰፍር አደረጉ። ፓርቲያቸው በተሸነፈ ማግስት፣ በዲሴምበር 2024፣ ባደረጉት ንግግር ይህንኑ አነሱት። ትራምፕ ስማቸውን አጻፉ፣ እኔ ግን አላጻፍኩም፣ ቂልነት ነበር አሉ።