ስለ ጎተራና ስለ ልጅ አስተዳደግ

በደብረ ታቦርና በጋይንት ደጋ ያደገ ሰው በከተማ ደመወዝ ቢያገኝም፤ ገበያው ቢቀርበውም፤ በቤቱ ጤፍ ካልተቀመጠ እንቅልፍ አይወስደውም። ጎረቤቱ «ስስታም ነው» ይለዋል። ይህ ግን የችኰላ ፍርድ ነው፤ ልማዱ ከየት እንደ መጣ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባልና።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በሆነው በክፉ ቀን ከባሕር በኩል የገባ በሽታ ከብቱን ፈጀ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። ምድሪቱ ሳለች የሚያርሳት በሬ ስለ ጠፋ ሕዝቡ በረኃብ አለቀ። የተረፉትም ለልጆቻቸው ሥራውን አወረሱ፤ ጎተራው በጭቃና በእበት እንዲመረግ፤ ባቄላውና ስንዴው ሳይነቅዝ አስቀድሞ እንዲበላ፤ ነቀዝ የማይደፍረው ጤፍ ግን እንዲቈይ፤ የተረፈው እንጀራ ድርቆሽ፤ ሥጋውም ቋንጣ እንዲሆን። ልጅ ይህን ሁሉ የሚማረው ፊደል ሳይቈጥር ነው። ስለዚህ ክፉ ቀንን ያላየ የልጅ ልጅ እንኳ ፍርሃቱን በእጁ ይዞ ይኖራል። በወሎና በትግራይ የበረታው የ1977 ዓ.ም. ረኃብም ፍርሃቱ ከንቱ እንዳልሆነ አሳየ።

እንግዲህ ማከማቸት ኃጢአት ነውን? አይደለም። ስለ ነገ እንዳንጨነቅ የታዘዘውን ምክንያት አድርጎ ጎተራን የሚንቅ ሰው፤ በነሐሴ ቁና ይዞ ወደ ጎረቤት የሚመጣው እርሱ ራሱ ነው። ዮሴፍ በግብፅ ሰባት ዓመት አከማቸ፤ በሉቃስ ወንጌል የተነገረለት ባለጠጋም ሊያከማች አሰበ። ጎተራቸው በውጭ ሲታይ አንድ ነው። ነገር ግን ዮሴፍ በዋጋም ቢሆን በችግር ቀን ከፈተ፤ ባለጠጋው ግን ከነፍሱ በቀር የሚመክረው ሰው አልነበረውም።

ነሐሴ የዚህ ነገር መፈተኛ ነው። የአምናው እህል አልቋል፤ የዘንድሮው ገና አልደረሰም። ድሃይቱ ጎረቤት ቁናዋን በነጠላዋ ሸፍና፤ እያፈረች ትመጣለች። በዚያን ጊዜ እናት ቁናውን በክምር ሰፍራ ልጅዋን ብታሸክመው፤ ልጁ መሙላትንም መክፈትንም በአንድ ቤት ይማራል። «አልቋል በላት» ብላ ወደ ደጅ ብትልከው ግን፤ በሞላ ጎተራ አጠገብ ቆሞ ሐሰትን ከቍጠባ ጋር አንድ አድርጎ ይማራል፤ ይህንንም ብዙ ዘመን የተማረው ትምህርት በቀላሉ አይፍቀውም። እህሉን እስከ ሐምሌ ደብቆ ዋጋው ሲወደድ የሚያወጣው ነጋዴም ምናልባት እንዲህ ካለ ደጅ የወጣ ነው።

ከገጠር መጥተው በኪራይ ቤት የሚማሩትን ልጆች ተመልከቱ። ሁሉም በሶና ዳቦ ቆሎ ተሰንቆላቸው ይመጣሉ። የባልንጀራው ስንቅ ያለቀበት ቀን ሲደርስ አንዱ ሣጥኑን ይከፍታል፤ ሌላው ቍልፉን በአንገቱ አስሮ ይተኛል። ይህን ሁለተኛውን ከመገሠጻችን በፊት፤ በወላጆቹ ደጅ በነሐሴ ምን ሲደረግ እንዳየ እንጠይቀው።