ዋይፋዩ ይዟል፣ ፕሪንተሩ ግን አይታይም

ልጄ፣ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁና ጥቂት ልንገርህ። ሰው ሲጠራህ የሚልህ «ዋይፋይ አይሠራም» ነው። ቃሉን እንዳለ አትቀበለው። የኢንተርኔት መጥፋትና በአንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ ሁለት መሣሪያዎች አለመገናኘት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ስልኩ ቪዲዮ እያሳየ ፕሪንተሩን ላያገኘው ይችላል፤ ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ደግሞ ላፕቶፑ ያለ ችግር ሊያትም ይችላል። ስለዚህ አስቀድመህ የትኛው መሣሪያ የትኛውን እንዳጣ፣ ትናንት ይሠራ እንደነበርና ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ጠይቅ። «ምንም አልተለወጠም» ይሉሃል። ታገሥ፤ መልሰህ ጠይቅ። መብራት ሄዶ መምጣቱን ወይም ጎረቤት ክፍል አዲስ ራውተር መተከሉን እንደ ለውጥ የሚቆጥር ሰው ጥቂት ነው።

አደራ፣ እጅህ ወደ ሪሴት አይቸኩል። ራውተርን አጥፍቶ ማብራት ጉዳት የለውም። በቀጭን ሽቦ የሚነካው የሪሴት ቁልፍ ግን አገልግሎት ሰጪው የሞላውን የመግቢያ ስምና ፓስወርድ ጨምሮ ሁሉንም ጠርጎ ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል። አንድ ፕሪንተር ልታስተካክል ገብተህ መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ከኢንተርኔት ታወጣዋለህ።

ከዚያ የሁለቱንም መሣሪያዎች አይፒ አድራሻ አንብብ። በስልክ የዋይፋዩን ዝርዝር ስትከፍት፣ በዊንዶውስ ደግሞ አይፒኮንፊግ የሚለውን ትዕዛዝ ስትጽፍ ታገኘዋለህ፤ ፕሪንተሩም በራሱ መስኮት ያሳያል ወይም በወረቀት ያትምልሃል። አድራሻው በ169.254 ከጀመረ መሣሪያው ከራውተሩ አድራሻ ጠይቆ አላገኘም፤ ያን ቁጥር ለራሱ የሰጠው ራሱ ነው። ችግሩ እዚያው በእሱና በራውተሩ መካከል ስለሆነ ሌላ ቦታ አትድከም። አንዱ 192.168.1፣ ሌላው 192.168.0 ብሎ ከጀመረ ግን በቢሮው ሁለት ራውተር አለ ብለህ ጠርጥር።

ይህ በእኛ አገር ቢሮዎችና ኮንዶሚኒየሞች ደጋግሞ የሚያጋጥምህ ነው። ሲግናሉ ጓዳ አልደርስ ሲል አንድ ራውተር ይገዛና ከመጀመሪያው ራውተር የመጣው ኬብል በሁለተኛው የኢንተርኔት መግቢያ ይሰካል። ስሙና ፓስወርዱም አንድ ዓይነት ይደረጋል፤ ለሰዎቹ አንድ ዋይፋይ ነው። ሁለተኛው ራውተር ግን በግቢ ውስጥ ሌላ አጥር አጥሯል። አጥሩ ደግሞ ከሁለቱም ወገን እኩል አይከለክልም፤ በውስጠኛው ያለ ላፕቶፕ በውጭኛው ያለውን ፕሪንተር በቁጥሩ ከጠራው ብዙ ጊዜ ያገኘዋል፣ በውጭኛው ያለ ግን ወደ ውስጥ መግባት አይችልም። «የእሱ ያትማል፣ የእኔ አያትምም» የሚል ክርክር ስትሰማ ይህን አስብ። መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር አክሰስ ፖይንት ማድረግ ነው። ይህ ምርጫ ከሌለው አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ ዝጋ፣ ከመጀመሪያው ጋር የማይጋጭ አድራሻ ስጠው፣ ኬብሉንም ከኢንተርኔት መግቢያው ነቅለህ ከሌሎቹ ቀዳዳዎች በአንዱ ሰካ።

አድራሻዎቹ ተስማምተው ፕሪንተሩ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ከጠፋ፣ ራውተሩ አዲስ አድራሻ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ አሁንም የሚፈልገው በድሮው ቁጥር ነው። ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ሰርዘህ ደግመህ ከመጫን ይልቅ ራውተሩ ውስጥ ገብተህ ቋሚ አድራሻ መድብለት። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን ሳያደርጉ መሄድ ሥራን ግማሽ ላይ መተው ነው።

አድራሻውም ትክክል ከሆነ የሚከለክለውን ፈልግ። እንግዳ የሚጠቀምበት የገስት ዋይፋይ ሆን ተብሎ መሣሪያዎችን እርስ በርስ ያለያያል። በካፌና በሆቴል ይህን ክልከላ እንድታነሳ ቢለምኑህም አታንሳ። የማይተዋወቁ ሰዎች ስልክና ላፕቶፕ የሚጠበቀው በዚያ ነው። ፕሪንተሩን ወደ ሠራተኞች ኔትወርክ አዛውረው እንጂ።

ስልኩ ላይ ቪፒኤን በርቶ እንደሆነም እይ፤ ብዙ ሰው አብርቶት ይረሳል። አንዳንዱ ቪፒኤን የስልኩን ትራፊክ ሁሉ ወደ ሩቅ አገር ስለሚወስደው አጠገቡ ያለው ፕሪንተር ይጠፋበታል። በአይፎን ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ እያንዳንዱ አፕ በዋይፋዩ ላይ ያሉ መሣሪያዎችን ለመፈለግ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ አንድ ቀን «አልፈቅድም» ብሎ ከነካ አፑ ምንም አያይም። ዊንዶውስ ደግሞ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ብሎ ከመዘገበው ኮምፒውተሩ ራሱን ይሰውራል። የራስ ቢሮ ከሆነ ወደ «ፕራይቬት» ለውጠው። ፋየርዎሉን ጨርሶ ማጥፋት ግን የባለሙያ ሥራ አይደለም፤ የሚያጠፉ አሉ፣ አንተ ከእነሱ አትሁን።

መሣሪያው መልስ ይሰጥ እንደሆነ ለማየት ፒንግን ተጠቀምበት፣ ግን ብቻውን አትመነው። ዊንዶውስ እየሠራም ለፒንግ ዝም ሊል ይችላል፤ ዝምታው ሞቷል ማለት አይደለም። ፕሪንተሩ በቁጥሩ ስትጠራው መልሶ በስሙ ስትፈልገው ከታጣ ግን መንገዱ ደህና ነው፤ የተበላሸው መሣሪያዎች ስማቸውን የሚያስተዋውቁበት አሠራር ነው። ያኔ ፕሪንተሩን በአይፒ ቁጥሩ አስገባውና ሰዎቹ ሥራቸውን ይቀጥሉ።

ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጠህ ሞክር፤ ካልሠራ ወደ ነበረበት መልስ። ሦስት ነገር አብረህ ከነካህ ቢስተካከል እንኳ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አታውቅም፤ በማግሥቱ ሲጠሩህም እንደ አዲስ ትጀምራለህ። ከመውጣትህ በፊት የራውተሩን አድራሻ፣ የፕሪንተሩን ቋሚ ቁጥርና የለወጥከውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፈህ ለቢሮው ኃላፊ ስጥ። ከአንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ እሱን አንብቦ ይጀምር።