ስለ ተሰረቀ ቁልፍ

አንድ ነገር በሕሊናህ ፊት እንድትመረምር እለምንሃለሁ። የጎረቤትህን በግ ከበረቱ አውጥተህ አትነዳም፤ ይህን ያደረገውንም ሌባ ትለዋለህ። ነገር ግን በቤትህ ባለው ኮምፒውተር ላይ ያለው ዊንዶውስ በማን ፈቃድ ገባ? በግ ሲሰረቅ በረቱ ይጎድላል፤ ፕሮግራም ሲገለበጥ ግን የባለቤቱ በእጁ ይቀራልና፣ ብዙ ሰው «ማንን ጎዳሁ?» ይላል። ክርክሩ የቆየ ነው። ቢል ጌትስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ፣ ፕሮግራሙን ሳይገዙ የሚገለብጡትን ሰዎች የሠሪዎቹን ድካም ያለ ዋጋ ትወስዳላችሁ ሲል ወቅሷቸው ነበር።

ወቀሳው አልበቃም። ማይክሮሶፍት በ2001 ባወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ጠባቂ አቆመ። ገዢው 25 ፊደልና አኃዝ ያለበትን ቁልፍ ያስገባ ነበር፤ ኮምፒውተሩም የገዛ አካሉን፣ ይኸውም የዲስኩንና የፕሮሰሰሩን የመሰለውን ምልክት አሰባስቦ ከቁልፉ ጋር ያስመዘግብ ነበር፤ ይህም በኢንተርኔት ወይም በስልክ ይፈጸም ነበር። በ30 ቀን ውስጥ ያላስመዘገበ ይዘጋበት ነበር። ብዙ ዕቃ የለወጠም ሰው እንደ ገና ማስመስከር ግድ ይሆንበት ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ጠባቂ ጻድቁንም አስጨንቋል። የትልልቅ ድርጅቶች ቁልፍ ምርመራው አልነበረበትምና፣ ከእነዚያ አንዱ አፈትልኮ ኤክስፒ ለገበያ ሳይቀርብ ተሰራጨ። በኦገስት 2007 ደግሞ በኩባንያው ሰርቨር ላይ በሰው ስሕተት ብልሽት ደርሶ፣ ገንዘባቸውን የከፈሉ ሰዎች ኮምፒውተር ሐሰተኛ ተባለ፤ ኩባንያው ቁጥራቸው ከ12,000 ያንሳል አለ። ለተበደለው ግን ይህ ምን መጽናኛ ነው?

«እንግዲያስ ጠባቂው ራሱ ከተሳሳተ ብሰርቀው ምን አለበት?» የሚል ተማሪ ይኖር ይሆናል። ልጄ ሆይ፣ የዘበኛው ስሕተት በጉን የአንተ አያደርገውም። ድኽነትህን አላቃልልም፤ የፈቃዱ ዋጋ ለብዙ ቤተ ሰብ ከባድ ነው። ነገር ግን ክራክ የሚባለው ብዙ ጊዜ የቫይረስ መከላከያህን አስቀድመህ እንድታጠፋ ያዝዝሃል፤ በተከፈተው በር ሌላ ምን እንደ ገባ የሚነግርህ የለም።

ያለ ስርቆት የሚገኝም አለ። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ1991 በጀመረው በሊኑክስ ላይ የተሠራው ኡቡንቱ ቁልፍ አይጠይቅም፤ ሠሪዎቹ መገልበጥን ፈቅደዋልና። ፎቶሾፕ የለመደ ሰው ይቸገርበታል፤ ጽሑፍና ሒሳብ ለሚሠራ ተማሪ ግን ይበቃል። ኮምፒውተር ስትገዛ ባለ ሱቁ «ዊንዶውሱ ከነፈቃዱ ነው» ቢልህ፣ ደረሰኙን ያሳይህ። ከሌለው ኡቡንቱን በፍላሽ አስነሥቶ እንዲያሳይህ ጠይቀው፤ ዲስኩን ሳይነካ አስቀድመህ ልትሞክረው ትችላለህ።