የእትብቱ ባለቤት ማን ነው?

ለመስቀል በዓል ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚመለስ ሰው ስለ አገሩ ሲጠየቅ «እትብቴ የተቀበረበት ነው» ይላል። በመስቃንም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል እትብት ሰውን ከምድሩና ከወገኑ ጋር የሚያስተሳስር ምልክት ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ይኸው እትብት የሕክምና ምርምር ምንጭ ሆኗልና፣ ጉዳዩን በክርስቲያናዊ ኅሊና ልንመረምረው ይገባናል።

የደም ሥራችን ውስጣዊ ገጽ በአንድ ረድፍ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው፤ እነርሱም ደም ሳይረጋ እንዲፈስ ይጠብቃሉ። ሐኪሞች በታመመ የደም ሥር ምትክ ሰው ሠራሽ ቱቦ ይተክላሉ። ቱቦው ቀጭን ሲሆን ግን፣ ይህ ሽፋን ስለሚጎድለው፣ ደም ይረጋበትና ይደፈናል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሕዋሳቱን ከአካል ውጭ አሳድገው ቱቦውን በእነርሱ ለማልበስ ይደክማሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 ኤሪክ ጃፌና ባልደረቦቹ በኒውዮርክ ሕዋሳቱን ከእትብት ደም መላሽ ሥር በኤንዛይም አላቅቀው ማሳደጋቸውን ገለጹ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ የጃፓን ሐኪሞች ከአንዲት የአራት ዓመት ሕፃን ሕዋሳት ያበቀሉትን የደም ሥር ለራሷ መትከላቸውን አስታወቁ።

በራስ ሕዋስ ራስን ማከም ብዙ አያከራክርም። ከሌላ ሰው ሲወሰድስ? ቤተ ክርስቲያን «ዲግኒታስ ፐርሶኔ» በተሰኘው የ2008 (እ.ኤ.አ.) ሰነድ ፅንስን ገድሎ ሕዋስ መውሰድን ስታወግዝ፣ በወሊድ ጊዜ ከእትብት ደም የሚገኘውን ሕዋስ መጠቀም እንደሚፈቀድ አስተምራለች። ስለዚህ እትብትን ለወገን ሕይወት መስጠት ባህልን መክዳት አይደለም፤ እንዲያውም ወገን የምንለውን ያሰፋዋል።

«የሚጣል ነገር ነው፤ እናቲቱን መጠየቅ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። እትብቱ ቢጣልም እናቲቱ የምትጣል አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ ሄንሪዬታ ላክስ ከተባለች ታማሚ ሴት ሳታውቅ የተወሰዱት ሕዋሳት በዓለም ዙሪያ ለምርምር ሲያገለግሉ፣ ቤተሰቧ ለብዙ ዓመታት አያውቅም ነበር። ከምርምሩ የተገኘው ጥቅም ታላቅ ነው፤ በደሉን ግን አይሽረውም። ስጦታ የሚባለው ተጠይቆና በፈቃድ የተሰጠ ብቻ ነውና።

ሌላው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ በማሽን እንዲታጠብ በክንዱ ላይ አስተማማኝ የደም ሥር ያስፈልገዋል። በነጻ የተሰጠው እትብት ነገ ውድ ሸቀጥ ሆኖ ቢመለስና የሰጪዋ ጎረቤት መግዛት ቢያቅተው፣ ፍትሕ የት አለ? ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ2000 የሰውን አካል መነገጃ ማድረግ ክብሩን የሚጥስ መሆኑን አስገንዝበዋል። ለአካል ክፍል የተባለው ለሕዋስም ሊታሰብ ይገባል።

እንግዲህ መምህራነ ክርስቶስ ሆይ፣ ነፍሰ ጡር እናቶችን ስናስተምር ስለዚህም እንንገራቸው። መስጠት መልካም ነው፤ ከመስጠት በፊት መጠየቅ ግን መብታቸው ነው።