ስለ ስደተኛ አያት መታሰቢያ

የሞተ ሰው ስለ ራሱ መናገር አይችልም። ስለዚህ ስሙ በሕይወት ባሉት ሰዎች እጅ አደራ ሆኖ ይቀመጣል። አደራ የተቀበለ ሰው ከተሰጠው ላይ ሊያጎድል እንደማይገባው ሁሉ፣ የራሱን ቀላቅሎ አደራውን ሌላ ነገር ሊያደርገውም አይገባውም። ነገር ግን አያቶቻቸውን በሚያስቡ የልጅ ልጆች ዘንድ ይህ ሕግ ሲጠበቅ የሚታየው ጥቂት ጊዜ ነው። አንዱ አያቱን ፈጽሞ ይረሳዋል፤ ሌላው ከፍ ከፍ ሲያደርገው ያልነበረ ሰው ይፈጥራል። ከነዚህ ከሁለቱ የትኛው ይከፋል? ይህን ለመመርመር ከክሮኤሽያ ወደ አሜሪካ የተሰደዱትን ሰዎችና የልጅ ልጆቻቸውን ነገር መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ክሮኤሽያ በአድርያቲክ ባሕር ዳር ያለች አገር ስትሆን እስከ 1918 ድረስ በአውስትሪያና በሁንጋርያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ነበረች። በባሕሩ ዳር በዳልማሲያ የሚኖረው ገበሬ ተስፋው የወይን ተክሉ ነበር። በ1891 ግዛቲቱ ከኢጣልያ ጋራ ባደረገችው የንግድ ውል የኢጣልያ ወይን ጠጅ በጥቂት ቀረጥ መግባት ስለ ጀመረ የገበሬው ወይን ዋጋው ወደቀ። በዚያው በ1890ዎቹ ፊሎክሴራ የሚባል ጥቃቅን ተባይ መጥቶ ሥሩን እየመጠጠ ተክሉን አደረቀው። በተራራማው አገር በሊካና በጎርስኪ ኮታር ደግሞ መሬቱ ድንጋያማ ነበረ፤ ርስቱም በወንድማማች መካከል እየተከፋፈለ ያንስ ነበር። ስለዚህ ጎልማሳው የመርከብ ዋጋ ተበድሮ ተነሣ። ከ1903 ጀምሮ ዛሬ ሪዬካ ከሚባለው ከፊዩሜ ወደብ በቀጥታ ወደ ኒው ዮርክ የሚሄድ መርከብ ነበረ። ብዙዎቹ የሄዱት ለጥቂት ዓመታት ሠርተው፣ ዕዳቸውን ከፍለውና መሬት የሚገዙበትን ገንዘብ ይዘው ሊመለሱ ነበር። ከነርሱም ብዙዎች ተመልሰዋል፤ ሌሎቹ ግን በዚያው ቀርተው አያት ሆኑ።

ያገኙት ሥራ ከባድ ነበረ። በፔንሲልቫንያ በፒትስበርግ ዙሪያ ባሉት የብረት ማቅለጫዎች የሥራው ቀን 12 ሰዓት ነበር፤ የቀኑና የሌሊቱ ተራ በሚለዋወጥበት ጊዜ አንዱ ወገን 24 ሰዓት ሳያቋርጥ ይቆም ነበር። ይህም ልማድ መቅረት የጀመረው በ1923 ነው። ባል የሌላቸውና ሚስቶቻቸውን በአገር የተዉት ሰዎች በአንድ ቤት ተጨናንቀው ያድሩ ነበር፤ የቀን ሠራተኛው የተነሣበትን አልጋ ሳይበርድ የሌሊት ሠራተኛው ይተኛበት ነበር። ለሁሉም ምግብ የምታበስለውና ልብስ የምታጥበው የቤቱ እመቤት ስትሆን፣ እርስዋ መቼ እንደምትተኛ የሚጠይቅ አልነበረም። በሚቺጋን የመዳብ ማውጫ ሠራተኞች በ1913 ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ ነሐሴ ላይ በሲበርቪል በአንድ የሠራተኞች ማደሪያ ውስጥ ሁለት ክሮኤሽያውያን በጠባቂዎች ጥይት ተገደሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሕይወት የኖረ ሰው መታሰብ ይገባዋል ቢባል የሚከራከር አይገኝም። ክርክሩ የሚመጣው እንዴት ይታሰብ በሚለው ላይ ነው።

በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ የሚነገር አንድ ወሬ አለ። «የአያታችንን ስም የለወጡት በኤሊስ ደሴት የተቀመጡት ጸሐፊዎች ናቸው፤ እርሳቸውማ ስማቸውን በፈቃዳቸው አይተዉም ነበር» ይባላል። ኤሊስ ደሴት በኒው ዮርክ ወደብ በ1892 የተከፈተ የስደተኞች መቀበያ ነበረ። ነገር ግን በዚያ የነበሩት ሹማምት መርከቡ ሲነሣ የተጻፈውን የተሳፋሪዎች መዝገብ ይዘው፣ በዚያው እየጠሩ ይመረምሩ ነበር እንጂ አዲስ ስም አያወጡም ነበር። ስሙን የለወጠው ብዙ ጊዜ አያቱ ራሱ ነው። አለቃው ሊጠራው ሲያቅተው፣ ልጁ በትምህርት ቤት ሲዘበትበት፣ ወይም የዜግነት ወረቀት ሊቀበል በዳኛ ፊት ሲቆም፣ የአባቱን ስም አሳጥሮ ወይም ጥሎ ሌላ ያዘ።

ወሬው የሚወደደው ጥፋቱን ወደ አንድ ስም የለሽ ጸሐፊ ስለሚያዞረው ነው። ሆኖም ጥፋቱን ሲያነሣ ሰውየውንም አብሮ ያነሣዋል። ስሙን በራሱ እጅ የለወጠው አያት የፈራ፣ ያሰበ፣ ለልጆቹ እንጀራ ሲል የሚወደውን ነገር የቈረጠ ሰው ነበረ። የወሬው አያት ግን ሌሎች እንደ ወደዱ የሚያደርጉት ዕቃ ነው። አክባሪ መስሎ የተነሣው የልጅ ልጅ አያቱን ሳያውቅ አሳነሰው።

ሁለተኛው ወሬ «አያታችን ማንንም ሳይለምኑ፣ በገዛ ክንዳቸው ብቻ ሰው ሆኑ» የሚለው ነው። ክንዱ እንደ ደከመ እውነት ነው፤ ብቻውን ነበረ ማለት ግን ውሸት ነው። ክሮኤሽያውያን ሠራተኞች በ1894 በፒትስበርግ አጠገብ ማኅበር መሠረቱ፤ ይኸውም ዛሬ የክሮኤሽያ ወንድማማች ኅብረት የሚባለው ነው። ከደመወዛቸው ጥቂት ጥቂት እያዋጡ፣ አባል ሲሞት ለባልቴቲቱና ለልጆቹ ገንዘብ ይሰጡ ነበር። አያቱ ሥራ ያገኘው አስቀድሞ የሄደ የአገሩ ሰው አለቃውን ስላነጋገረለት ነው፤ በታመመ ጊዜም የጠየቁት እነዚያው ናቸው።

ይህ ውሸት በሙት ላይ ብቻ አይቀርም፤ በሕያዋን ላይ ይደርሳል። አያቱ የማንም ዕርዳታ እንዳልነበረው ያመነ የልጅ ልጅ፣ ዛሬ በደጁ የቆመውን ስደተኛ «እንደ አያቴ ለምን አይሆንም?» እያለ ይፈርድበታል። አያቱም በዘመኑ እንደዚሁ ተፈርዶበት እንደ ነበር አያስታውስም። በ1924 የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ክሮኤሽያ ለነበረችበት ለዩጎዝላቪያ መንግሥት በሙሉ የፈቀደው በዓመት 671 ሰው ብቻ ነበር። በሩ የተዘጋው እንደ አያቱ ያሉት ሰዎች እንዳይበዙ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አያቱን ከገፉት ሰዎች ጋራ ተሰልፎ ሳለ አያቱን የሚያከብር ይመስለዋል።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ከሄዱት መካከል ሚስት ያላቸው ብዙ ነበሩ። ገንዘብ እየላኩ ቈይተው የተመለሱ አሉ፤ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ያስመጡም አሉ። መላኩንም መጻፉንም ትተው በአሜሪካ ሌላ ቤት የመሠረቱ ግን አልጠፉም። በመንደር የቀረችው ሴት ባልቴት እንዳትባል ባልዋ አልሞተም፤ ባለ ባል እንዳትባል ባል የላትም። የልጅ ልጅ የድሮ ወረቀት ሲያገላብጥ እንዲህ ያለውን ነገር ቢያገኝ ምን ያድርግ?

«ሙት ሊመልስ በማይችልበት ነገር አይከሰስ፤ ኖኅ በሰከረ ጊዜ ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕርቃን ሸፍነው ተመረቁ፣ ያየውን ያወራው ካም ግን አልተመሰገነም» የሚል ይኖራል። ይህ ቃል በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የአያቱን ጥፋት ለሳቅና ለወሬ የሚያወጣ ሰው ካምን ይመስላል። ቢሆንም ሴምና ያፌት አባታቸው አልሰከረም አላሉም፤ ልብስ አለበሱት እንጂ በእርሱ ፈንታ ሌላ ሰው አላስተኙም። መሸፈንና መካድ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ መለያው እንዲህ ቢሆን ይሻላል። በራሱ ላይ ብቻ የቀረውን፣ ማንንም ያልጎዳውን የአያት ድካም ዝም ማለት ፍቅር ነው። ሌላ ሰው የተጎዳበትን ነገር መደበቅ ግን የተጎዳውን ሰው ሁለተኛ መቅበር ነው። በዳልማሲያ መንደር ደብዳቤ ስትጠብቅ ያረጀችው ሴትም ከዚህ ቤት ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት፤ የእርስዋ ልጆችም የዚያው ሰው ልጆች ናቸው። ስለ አያቱ ክብር ብሎ እርስዋን ከመዝገብ የሚፍቅ፣ አያቱ የጀመረውን በደል በራሱ እጅ ይፈጽመዋል።

በፒትስበርግ አጠገብ በሚልቬል የክሮኤሽያውያን የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በዛግሬብ የተወለደው ሠዓሊ ማክሶ ቫንካ፣ ቄስ አልበርት ዛጋር ጠርቶት፣ በ1937ና በ1941 ግድግዳውን ሥዕል ሞላበት። ምእመናኑ ራሳቸውን የሚያዩበት ሥዕል ግን የድል ሥዕል ብቻ አይደለም። ጥቁር የለበሱ እናቶች በሥራ ላይ በሞተ ወጣት ሬሳ ዙሪያ ሲያለቅሱ ይታያሉ፤ በሌላ ወገን ደግሞ ጦርነት የወሰደው ልጅ ይለቀስለታል። የሚሰግዱት ሰዎች የራሳቸውን ኀዘንና ድካም ሳይሸሸግ በመቅደሳቸው አዩት፤ በዚህም አልተዋረዱም።

እንግዲህ የሚረሳውና የሚያሳምረው ቢመዛዘኑ፣ የሚረሳው ሰው አንድ ቀን ሊያስታውስ ይችላል፤ ቦታው ባዶ ነውና። የሚያሳምረው ግን በቦታው ሌላ ሰው አስቀምጦበታል። አበባ የሚያኖረው በባዕድ መቃብር ላይ ነው፤ እውነተኛው አያት፣ የፈራው፣ የደከመው፣ የተረዳው፣ የበደለውም፣ ዛሬም እንደ ስደተኛ በደጅ ቆሞ ስሙን የሚጠራለትን ይጠብቃል።