ስለ ልጆቻችን ሲመከር የት ነን?



ከቁርኣን ሱራዎች አንዱ «ሹራ» ይባላል፤ ምክክር ማለት ነው። ብዙዎቻችን ሹራን የመሪዎችና የዑለሞች ጉዳይ ብቻ አድርገን እናየዋለን። አሜሪካ ለሚኖር ወላጅ ግን ምክክሩ ደጃፉ ላይ ነው። የልጁን የትምህርት ካላንደር፣ መጽሐፍና ምሳ የሚወስነው ዋሽንግተን ያለው መንግሥት ሳይሆን በአብዛኛው የአካባቢው ትምህርት ቦርድ ነው። ስብሰባውም ለሕዝብ ክፍት ነው።

ብዙ ሐበሻ የሚኖርባትን የሜሪላንዷን ሞንትጎመሪ ካውንቲ እንመልከት። ሙስሊም ወላጆች በገናና በአይሁድ በዓላት ትምህርት እንደሚዘጋ ሁሉ በዒድም ይዘጋልን ብለው ለዓመታት ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ቦርዱ መልስ ሰጠ፤ ዒድን መጨመሩን ትቶ የሁሉንም ሃይማኖታዊ በዓላት ስም ከካላንደሩ ሰረዘ። የገናና የአይሁድ በዓላት ቀናት እንደተዘጉ ቀሩ፣ የጠፋው ስማቸው ብቻ ነበር። እኒያ ወላጆች ግን የጠየቁት የራሳቸው እንዲጨመር እንጂ የማንም በዓል እንዲነካ አልነበረም።

እስቲ ራስህን ጠይቅ ወንድሜ፣ እስቲ ራስሽን ጠይቂ እህቴ፤ እኛ ብንሆን «ድሮስ መቼ ሊሰሙን» ብለን ቤታችን አንገባም ነበር?

እነሱ ግን ተመልሰው መጡ። በዓመቱ፣ ኖቬምበር 2015፣ ቦርዱ በቀጣዩ ዓመት የዒድ አል-አድሓ ቀን ተማሪዎች እንዳይማሩ ወሰነ። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2016 የካውንቲው ልጆች ያለ ቀሪ ዒዳቸውን ሰገዱ። በኒው ዮርክም የከተማው ምክር ቤት በ2009 ጥያቄውን ቢደግፍም የወቅቱ ከንቲባ አልተቀበሉትም፤ ሁለቱ ዒዶች ካላንደሩ ውስጥ እንደሚገቡ የተገለጸው በ2015 ነው።

አሁን ኡሑድን እናስታውስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ውስጥ ሆኖ መከላከልን ይመርጡ ነበር። ሶሓቦችን ሲያማክሩ ብዙዎቹ መውጣትን ፈለጉ፣ እርሳቸውም ወጡ። የሆነው ሆነ፤ ሰባ ያህል ሶሓቦች ሸሂድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ «ምክክር ይቅር» ተባለ? በፍጹም! አላህ (ሱ.ወ) ነቢዩን ሶሓቦቻቸውን እንዲያማክሩ ያዘዘበት የሱረቱ ኣሊ ዒምራን 159ኛ አንቀጽ የወረደው ከኡሑድ በኋላ ነው። ውጤቱ ስላላማረ ብቻ ሹራ አይጣልም። ሶብር ማለት ዝም ብሎ መቀመጥ ሳይሆን በሐቅ ላይ ሳይሰለቹ መቆም ነው።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ የቦርዱ አጀንዳ ከስብሰባው በፊት ይወጣል፣ አንብቡት። መናገር የሚፈልግ ቀድሞ ይመዘገብና ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ለመናገር በአብዛኛው ዜግነት አይጠየቅም። እንዲያውም እዚያው ሞንትጎመሪ ውስጥ ባለችው ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም የከተማዋን ምክር ቤት ይመርጣል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጆቻችሁ አብረዋችሁ ይቁሙ፤ ለእነሱም ትምህርት ነው።

ስትናገሩ ግን በአደብ ይሁን። የሰማችሁትን ሳይሆን ያረጋገጣችሁትን ተናገሩ። ቦርዱ ውሳኔውን ባይቀይር አትሳደቡ፤ የጎረቤታችሁ ሐቅ ሲነካም የራሳችሁ የተነካ ያህል ተነሡ። ለራሱ ፍትሕ ፈልጎ ለሌላው ዝም የሚል ሰው ፍትሕን ሳይሆን ጥቅሙን ነው የፈለገው።

ልጆቻችን አማና ናቸው። ነገ አላህ ፊት ስለ አማናችን ስንጠየቅ «ስብሰባው ማታ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር» የሚለው ምክንያት ያዋጣን ይሆን?

ያ አላህ! ልጆቻችንን በዲናቸው አጽናልን፣ ምላሳችንን በሐቅ አቅናልን፣ ከጎረቤቶቻችን ጋር በፍትሕ አኑረን። አሚን።

በዚህ የተባረከ ዕለት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት እናብዛ። ጁሙዓ ሙባረክ!